ተነብቦ የተሳለ ሰርኪዩት

በእናንተ ላይ ደርሶ ያውቃል? አንድ ነገር ጭንቅላታችሁ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ከየት እንደሚነሣ፣ በየት አልፎ የት እንደሚደርስ ታውቁታላችሁ። ወረቀት ላይ ላስፍረው ስትሉ ግን እጃችሁ አሻፈረኝ ይላል። መስመሩ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይጨማለቃል፣ ያየው ሰው ሁሉ ነገሩን ጨርሶ የማታውቁት ይመስለዋል። እንዲህ ገጥሟችሁ ከሆነ የምነግራችሁን ቶሎ ትረዱታላችሁ። ካልገጠማችሁም ግድ የለም፤ እኔ እንደሆንኩ ማስረዳት አይደክመኝም።

የማስተምረው የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ዳገቱን ተጠግቶ በተሠራ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ። ቤቴ ላምበረት፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነው። ማለዳ ማለዳ ወደ ሰሜን የሚሄዱ ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን ታቅፈው ሲሯሯጡ እያየሁ ስለምወጣ ነው መሰለኝ፣ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም። ታክሲው እስኪሞላ መጠበቅ ያቅበጠብጠኛል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በእግሬ እወጣለሁ። ክፍል ውስጥም ያው ነኝ። ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ኋላ ወንበሮች እመላለሳለሁ። "ቲቸር፣ አንገታችን ዞረ እኮ" ይሉኛል ተማሪዎቼ።

ባለፈው ዓመት ግን የሚያቁነጠንጠኝ ነገር ሌላ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ ከኮሌጁ ልትሰናበት አንድ ፈተና ቀርቷት ነበር።

ይህች ልጅ ሰርኪዩት ይገባታል። የተበላሸ ቦርድ ሰጥቻቸው ሌሎቹ መለኪያ ፍለጋ ሲጋፉ፣ እሷ ቦርዱን ገልበጥ አድርጋ ታይና "ቲቸር፣ ይቺ ናት" ትላለች። አብዛኛውን ጊዜም እሷዋ ትሆናለች። ችግሩ እጇ ነው። ልጅ ሳለች መገናኛ ላይ የታክሲ በር የቀኝ እጇን አውራ ጣት ቀርጥፎባታል። ከዚያ ወዲህ ጣቱ አይታጠፍም። እስክሪብቶ የምትይዘው በጡጫዋ ነው። መበየጃም እንዲሁ በጡጫ ትይዛለች፤ መበየጃ በጡጫ ቢያዝም ሥራውን ይሠራል። የስዕል ብዕር ግን እሺ አይልም። በግራ እጇ ስትሞክር ደግሞ ያልደረቀውን ቀለም በመዳፏ እየጠረገች ትሄዳለች።

በኮሌጃችን የሰርኪዩት ስዕል ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የሚያስተምሩት እኔንም ያስተማሩኝ አንጋፋ መምህር ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ብዕሮቻቸውን በመነጽር ማህደር ውስጥ ይዘው የሚዞሩ፣ ጠመኔ የነካውን እጃቸውን ሳይታጠቡ ወረቀት የማይነኩ ሰው ናቸው። ስዕል የሚቀበሉት በቀለም፣ በማስመሪያ፣ ያለ ድልዝ ተሠርቶ ሲቀርብላቸው ነው። ጠብታ ከፈሰሰ ሌላ ወረቀት። ሥራው ሁልጊዜ የሚጀመረው ደግሞ በሁለት መስመር ነው፤ ከላይ የባትሪው ፖዘቲቭ፣ ከታች ኔጋቲቩ፣ ሁለቱም ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ። "ጣሪያና ወለል" ይሏቸዋል። "ጣሪያውንና ወለሉን ሳታውቅ ዕቃውን የት ልትደረድር ነው?" እያሉ ነው ያሳደጉን። እኔም እስከ ዛሬ ባዶ ወረቀት ሳይ ሁለቱ መስመሮች ቀድመው ይታዩኛል።

ኮሌጁ ደንብ አለው። በአንድ ትምህርት ሦስት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል። እሷ በስዕል ሁለቴ ወድቃለች።

በኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም ሞክረናል። ማውሱን በጡጫዋ ጨብጣ መስመሩን ስትጎትት፣ መስመሩ ከዕቃው እግር ጎን ይወድቅና ያልተገናኘ ይቀራል። ለዓይን የተገናኘ ይመስላል። አጉልተን ስናየው ግን በመሐል ክፍተት አለ። ይህ ከጠማማ መስመር የባሰ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ውስጥ እየተለማመደች ነበር። ወረቀቷ ላይ ቀለም ሲንጠባጠብ ከኋላዋ የተቀመጠ ልጅ አንገቱን አሰገገና፣

"ይሄ የሰው እጅ ነው ዶሮ የጫረው?" አላት።

"ዶሮ እንኳ ጭራ ታገኛለች" አለችው ዞር ሳትል። "አንተ የትናንቱን ብልሽት እስካሁን አላገኘኸውም።"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ጨምድዳ ወደ እኔ መጣች።

"ቲቸር፣ ተናገሪ ቢሉኝ እኮ እናገራለሁ። እያንዳንዱ እግር የት እንደሚሄድ አንድ ሳይቀር እነግራቸዋለሁ። መሳሉ ነው ያቃተኝ።"

"እስቲ ለኔ ንገሪኝ" አልኳት።

ቆማ ነገረችኝ። ባትሪው፣ ከባትሪው ወደ ማብሪያው፣ ከማብሪያው ወደ ረዚስተሩ። አልተደናቀፈችም። እየሰማኋት ሳለ ቤት ውስጥ ለብቻዬ የምነካካው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አውጥቼ "ከመጀመሪያው ድገሚልኝ" አልኳትና እየተናገረች እኔ መጻፍ ጀመርኩ።

አሁን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ሰርኪዩት ሲጨመቅ ሁለት ነገር ነው፤ ዕቃዎችና ግንኙነቶች። ዕቃዎቹ ባትሪ፣ የኤሌክትሪክ ጅረትን የሚገታው ረዚስተር፣ ጅረቱን እንደ በር የሚከፍትና የሚዘጋው ትራንዚስተር፣ ትናንሽ መብራት የመሳሰሉት ናቸው። እያንዳንዱ ዕቃ እግሮች አሉት፤ ረዚስተር ሁለት፣ ትራንዚስተር ሦስት። ግንኙነት ማለት የማን እግር ከማን እግር ጋር ይታሰራል የሚለው ነው። በቃ። ስዕል ይህንን ለዓይን ያሳያል። ነገር ግን በጽሑፍ መናገርም ይቻላል። ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተሠሩ ለዚሁ የሚሆኑ ነፃ መሣሪያዎች አሉ። መጀመሪያ ዕቃዎቹን በስም ትጠራላችሁ። ቀጥሎ መስመሮቹን ትሰይማላችሁ። ከዚያ እግሮቹን ከመስመሮቹ ጋር ታስራላችሁ። ኮምፒውተሩ ያነበዋል፣ ሳይታሰር የተረሳ እግር ካለ ይጮኻል፣ ሁሉም ደኅና ከሆነ ግንኙነቱን ቦርዱን ወደሚያዘጋጀው ፕሮግራም ያስተላልፋል። መስመር ሊጣመም አይችልም፤ የሚጣመም መስመር የለማ።

ከሁሉ የሚጥመኝ ደግሞ መድገሚያው ነው። አንድ ዓይነት የሆነ ክፍል አሥር ጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነ በስዕል አሥር ጊዜ ትስላላችሁ። በኮድ፣ ማለትም በዚህ የኮምፒውተር ጽሑፍ፣ ግን አንዴ ጽፋችሁ "ይህን አሥር ጊዜ ድገም" ትላላችሁ።

ይህን ስነግራት ልጅቷ ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችው። ቁልፎቹን በሁለት ጣት፣ በሌባ ጣቶቿ እየመታች መጻፍ ጀመረች። አውራ ጣቷ ምንም ሥራ አልነበረውም።

ለማለፊያ ፕሮጀክቷ የመረጠችው የውኃ ሮቶ ጠቋሚ ነው። ቤታቸው ከኮሌጁም በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ዛሬ ተብሎ ነገ ይመጣል፣ ነገ ተብሎ ይቀራል። ሮቶው ከፍ ባለ ብረት ላይ የተሰቀለ ስለሆነ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ እናቷ መሰላል ላይ ወጥተው እንጨት ይነክራሉ። "መሰላሉ ያረጀ ነው፣ እማዬም አታርፍ" አለችኝ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሽቦ ከሮቶው ታች ይቀመጣል። ሌሎች አራት ሽቦዎች በሩብ፣ በግማሽ፣ በሦስት አራተኛና በሙሉ ከፍታ ላይ ይገባሉ። ውኃው ሽቦውን ሲነካ ጥቂት የኤሌክትሪክ ጅረት በውኃው ውስጥ ያልፍና ትራንዚስተሩን ይቀሰቅሳል፤ ትራንዚስተሩ መብራቱን ያበራል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ መብራት መቁጠር ነው። አራቱም ክፍሎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ለመድገሚያው የተፈጠሩ ይመስላሉ።

"የሚደገመውን ሁሉ መድገሚያው ውስጥ ክተቺው" አልኳት። ይህን ያልኳትን ያዙልኝ፤ ጥቂት ቆይቶ ያስፈልገናል።

የቀረው ጋሼን ማሳመን ነበር። ቀላሉን ነገር መጨረሻ ላይ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

መምህራን ሻይ በምንጠጣበት ክበብ አገኘኋቸው። ቆሜ ነው ያስረዳኋቸው። ዕቃዎች አልኩ፣ ግንኙነቶች አልኩ፣ መድገሚያ አልኩ። ስኳራቸውን እያማሰሉ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ተቀመጥ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

"እግርህንም አስቀምጠው። ጠረጴዛው እየተነቃነቀ ሻዬ ፈሰሰ።" ከዚያ ላፕቶፑን በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው፣ "ይሄ ወሬ ነው" አሉ። "መልኩ የታለ?"

"መልክ አያስፈልገውም እኮ ጋሼ። ኮምፒውተሩ—"

"ኮምፒውተሩ እንግዲህ ይለፍ። የምታልፈው እሷ ናት ኮምፒውተሩ?"

"እሷ ናት። ግን እጇ—"

"እጇን አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ የጣልኳት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሎኝ መሰለህ?" ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ስማ፣ አንተ ልጅ። ስዕል የማስተምረው ግድግዳ ላይ ለመስቀል አይደለም። አንድ ሰው ያሰበውን ሌላ ሰው ሳይጠይቀው እንዲሠራው ነው። አንተ ጎንደር ሆነህ እሷ የሳለችውን አይተህ ትበይዳለህ። ይሄ ያንተ ወሬ ይህን ያደርጋል?"

"ያደርጋል!"

"አትጩህ፣ አልደነቆርኩም።" ክበቡን በዓይናቸው አንድ ጊዜ ዞሩት። "እንግዲያው እንዲህ ይሁን። በፈተናው ቀን እሷ ታንብብ፣ እኔ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ያነበበችው ከተሳለና ከሠራ፣ ስዕል ነው ብዬ እቀበላለሁ። ካልሆነ ግን ሦስተኛዋ ናት፤ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም።"

እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ዕረፍት አጣሁ። ልጅቷ ኮዷን በቤቷም በላቦራቶሪም ደጋግማ አየችው። እኔም አየሁት። የማረጋገጫው ፕሮግራም ምንም ስህተት የለም አለን። መንገድ ላይ ስሄድ፣ ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ቆሜ ሳይቀር፣ ጋሼ ሊጠይቁ የሚችሉትን ጥያቄ ለራሴ እየጠየቅኩ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ስመልስ ረዳቱ "ወራጅ አለ!" ብሎ ታክሲውን አስቆመብኝ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ጋሼ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ አስወልውለው፣ ረጅሙን የእንጨት ማስመሪያ ይዘው ቆመዋል። ልጅቷ ከፊት ወንበር ላይ ላፕቶፑን ከፍታ ተቀምጣለች። እኔ ጥግ ይዣለሁ። ገና "ጀምሪ" ሳይሉ ማስመሪያውን ከሰሌዳው ላይኛው ጫፍ አስደግፈው ጣሪያውን ሳሉ። ዝቅ አሉና ወለሉን ሳሉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጠመኔው ሳይነሣ።

"በይ።"

ኮዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እሷ ግን ወደ አማርኛ እየፈታች ነው የምታነበው።

"አንድ ባትሪ፣ ዘጠኝ ቮልት። ፖዘቲቭ እግሩ ከጣሪያ። ኔጋቲቭ እግሩ ከወለል። አንድ ረዚስተር፣ አንድ ኪሎ ኦም። አንደኛው እግሩ ከጣሪያ፣ ሁለተኛው ከመብራት። የመብራቱ ሌላ እግር ከወለል። ይቺ ባትሪው መከፈቱን የምታሳይ ናት። ከጣሪያ የሚነሣ አንድ ሽቦ ደግሞ ወደ ሮቶው ታች ይወርዳል።"

ጠመኔው ተከተላት። ሲስሉ አያመነቱም።

"አሁን የሚደገመው ክፍል—"

"የሚደገመው ማለት?" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

"እሱ ማለት ጋሼ" አልኩ ከጥጌ፣ "አንዴ ይጻፍና—"

ዞሩ። "ተፈታኙ አንተ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ዝም በል።"

ልጅቷ ራሷ አስረዳቻቸው። ትራንዚስተሩንና እሱ የሚያበራውን መብራት አነበበች፤ ከሮቶው ሽቦ ወደ ትራንዚስተሩ የሚሄደውን ረዚስተር አነበበች፤ ሽቦው ሲደርቅ ትራንዚስተሩ ተዘግቶ እንዲቆይ ወደ ወለል የሚወርደውን ሌላ ረዚስተር አነበበች።

"ይቺ ወደ ወለል የምትወርደው ለምን አስፈለገች?"

ጥሩ ጥያቄ ነው! መልሱን አውቀዋለሁ! ሳላስበው ሁለት እርምጃ ወደፊት ተራምጄ "ምክንያቱም ጋሼ፣ ትራንዚስተር በተፈጥሮው—" አልኩ።

"ውጣ።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ—"

"ስትወጣ በሩን ዝጋው። ከውጭ።"

ወጣሁ። በክፍሉ ጎን የተከፈተ መስኮት አለ፤ እዚያ ሄጄ ቆምኩ። ቆምኩ ማለት ከመስኮቱ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ መስኮቱ ተመላለስኩ ማለት ነው። የእኔ ክፍል ልጆች በዚያ ሲያልፉ አዩኝ።

"ቲቸር፣ አስወጡዎት እንዴ?"

"ወላጅ አምጡ ተባሉ?" አለ ሌላው። ያ 'ዶሮ የጫረው' ያላት ልጅ ነው።

"ሂዱ ከዚህ!" አልኳቸው። እየሳቁ ሄዱ።

ከውስጥ የልጅቷ ድምፅ ይሰማኛል። ጥያቄውን በደንብ መልሳ ወደ መጨረሻው ደርሳለች። "ይህን ለአራቱም ሽቦ ድገም" ስትል ሰማሁ። ጠመኔው ቆመ።

"አንቺ አንዴ ተናግረሽ እኔ አራቴ ልሳል?"

"አዎ ቲቸር።"

"ጥሩ ሥራ ነው ያገኘሽው" አሉ፤ ግን ሳሉ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ሁሉም እግራቸውን በዚያ ረጅም ወለል ላይ ተክለው ቆሙ። ጋሼ ወደ ኋላ ሸሸት ብለው ሰሌዳውን ከግራ ወደ ቀኝ አነበቡት። ጅረቱን በዓይናቸው እየተከተሉ እንደሆነ ከአገጫቸው እንቅስቃሴ ይታወቃል።

"ይሠራል" አሉ በመጨረሻ። "ይሄ ሰርኪዩት ይሠራል።"

ከመስኮቱ ውጭ ዘልዬ ልጮኽ ምንም አልቀረኝም። አለፈች! ፊቷን ለማየት ስጠጋ ግን ደስታ አላየሁበትም። ሰሌዳውን ታያለች፣ ላፕቶፑን ታያለች፣ እንደገና ሰሌዳውን ታያለች። ምን ሆነች? ተነሺ፣ አመስግኚና ውጪ እንጂ!

"ቲቸር" አለች። "እርስዎ የሳሉት ይሠራል። የእኔ ግን አይሠራም።"

ጋሼ ጠመኔውን አወረዱ። "ምን ማለትሽ ነው?"

ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። በማይታጠፈው ጣቷ ወለሉን ነካችው። "ይቺን መስመር እኔ አላልኩም። እርስዎ እኔ ሳልጀምር ነው የሳሏት። እኔ አንድ ወለል ለባትሪው ሰይሜያለሁ። መድገሚያው ውስጥ ደግሞ እንደገና ወለል ብዬ ሰይሜያለሁ። ስሙ አንድ ቢሆንም በተደገመ ቁጥር አዲስ ወለል ይፈጠራል። አራቱም ክፍሎች የየራሳቸው ወለል አላቸው፣ አንዱም ከባትሪው ጋር አልተገናኘም።"

መስኮቱን ይዤ ቀረሁ። ልክ ናት። "የሚደገመውን ሁሉ መድገሚያው ውስጥ ክተቺው" ያልኳት እኔ ነኝ፤ ወለሉ ግን የሚደገም አይደለም፤ ለሁሉም አንድ ነው። ማረጋገጫው ፕሮግራም ለምን ዝም አለ ትሉ ይሆናል። የሚጮኸው ሳይታሰር የቀረ እግር ሲያገኝ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ትንሽ ወለል የትራንዚስተሩና የረዚስተሩ እግሮች ታስረውበታል። የባትሪውም ወለል የመክፈቻዋ መብራት፣ ባትሪው መከፈቱን የምታሳየው፣ አለችው። ብቻውን የተንጠለጠለ እግር የለም። እኔስ ለምን አላየሁትም? ኮዱን ባነበብኩት ቁጥር ያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ ወለል ጭንቅላቴ ውስጥ ቀድሞ ተስሎ ይጠብቀኝ ነበር። ጋሼ ከዓመታት በፊት ነው የሳሉልኝ። እሷ ግን ያንን መስመር ለራሷ አንድም ቀን ከጫፍ እስከ ጫፍ አድርሳ አሥምራው አታውቅም፤ ስለዚህ ሰሌዳው ላይ እንግዳ ሆኖባት አየችው። ቦርዱን ብንሠራው ኖሮ የመክፈቻዋ መብራት ብቻ ትበራለች። ሮቶው ሞልቶ ቢፈስ እንኳ ሌሎቹ ብልጭ አይሉም።

ሦስተኛዋ ናት፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። መስኮቱን ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። ጋሼ ዞር እንኳ ሳይሉ "እጅህን!" አሉ። እጄ ወረደ።

ከዚያ ጨርቁን አነሡና ወለሉን ጠረጉት። በየክፍሉ ሥር አጭር አጭር መስመር ብቻ ተዉ። አራቱ ክፍሎች ለየብቻቸው ተንጠልጥለው ቀሩ።

"ያልሽው ይሄን ነው?"

"አዎ። ይሄን ነው።"

"አስተካክዪው።"

ተቀመጠች። ሁለቱ ሌባ ጣቶቿ ጥቂት ቁልፍ መቱ። መድገሚያው ውስጥ ያለውን ስያሜ አጠፋችና፣ አራቱም ክፍሎች ከውጭ የተሰየመውን ወለል እንዲጠቀሙ ጻፈች። ሥራው ከአንድ ትንፋሽ አላለፈም።

"አንብቢ።"

አነበበች። በዚህ ጊዜ ጋሼ ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ጠመኔውን አየር ላይ ይዘው ይጠብቁ ነበር። "የአራቱም ወለል የባትሪው ወለል ነው" ስትል ብቻ ማስመሪያውን አስደግፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ አሠመሩ።

"እህህ" አሉ። ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱ። "ቅድም ይሠራል ብዬሽ ነበር። አልፈሽ ነበር። ለምን ተናገርሽ?"

ልጅቷ ጥያቄው የገባት አልመሰለችም።

"ስበይደው አይሠራማ" አለች።

ጋሼ ከክፍሉ ሲወጡ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

"ብቁ ናት" አሉ። የኮሌጃችን የማለፊያ ቃል ይኸው ነው፤ ከሱ በላይ ማዕረግ የለም። "እኔ ግን ያልተነገረኝን ሳልኩ። ተማሪ ቢያደርገው ቀይ እስክሪብቶ የማወጣበት ነገር ነው።" ጥቂት ራመድ ብለው ቆሙ። "አንተም ውጭ መቆምህ በጀ። ውስጥ ብትሆን ኖሮ 'ይሠራል' ስል አቅፈሃት ትወጣ ነበር።"

ልክ ናቸው፤ ዘልዬ ነበር እኮ።

የቀለሙን ብዕር አልተዉም፤ አይተዉምም። እኔም ኮዱን አልተውኩም። እስካሁን ሻይ ላይ እንከራከራለን። ትልልቅና ውስብስብ ሰርኪዩት ሲሆን ኮድ ይሻላል ስላቸው፣ "ዓይን የማያየውን ማን ያርመዋል?" ይሉኛል። ሁለታችንም በከፊል እውነት አለን፤ አርፌ እንድቀመጥ የሚያደርገኝ መልስ ግን አላገኘሁም። ቢሆንም አንድ ነገር ተስማምተናል። በሳምንት አንድ ጊዜ ክፍሎቻችንን እናዋሕዳለን። አንዱ ተማሪ ኮዱን ያነብባል፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይስላል። ደንቡን ያወጡት ጋሼ ናቸው፤ ያልተባለ መስመር አይሠመርም፣ ጣሪያና ወለልም ቢሆን። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ብቻ ነበር። ባትሪ ሳይጠሩ መብራት የሚያበሩ ነበሩ፤ የአንዱን ትራንዚስተር ሁለት እግር ረስተው "ተወው፣ ይገባዋል" የሚሉ ነበሩ። አሁን አሁን አንባቢው ከመናገሩ በፊት ያስባል፣ ሠዓሊውም ከማሥመሩ በፊት ይጠብቃል።

እናንተም ሞክሩት። ኮምፒውተር አያስፈልግም፣ ኤሌክትሮኒክስ መማርም አያስፈልግም። የእጅ ባትሪያችሁን አንሡ። ውስጡ ሦስት ነገር አለ በሉ፤ ድንጋዩ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና አምፖሉ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት እግር አላቸው። ምንም ሳትስሉ፣ የማን እግር ከማን እግር ጋር እንደሚገናኝ በቃላት ብቻ ጻፉ። ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃችኋል። ከዚያ ቤት ውስጥ ካለ ሰው አጠገብ ተቀመጡና ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ እሱ የሰማውን ብቻ ይሳል። ግራ ተጋብቶ ቀና ብሎ ሲያያችሁ አታስረዱት። ወረቀታችሁን እንደገና እዩት፣ ያላላችሁትን ፈልጉና ጻፉት። ከዚያ እንደገና አንብቡለት።